የሌባ ዱቄት

ወፎቹ የወደቁት ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ አንዲት ርግብ፣ ከዚያ የዋኖስ መንጋ፣ ከጽምዳ ከተማ አደባባይ በላይ እየበረሩ ሳለ ክንፋቸው ዝሎ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ተበተኑ። ገበያተኛው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነው። ያን ጊዜ የሁሉም ዐይን ወደ ጉሮሮው ዞረ።

ጉሮሮው በአደባባዩ መካከል ያለ፣ ስፋቱ አንድ አዳራሽ የሚያህል ጉድጓድ ነው። በነሐስ አጥር ተከቧል፤ እስከ አፉም ድረስ በነጭ ጭቃ ተሞልቷል። ከጭቃው ሥር፣ በምድር አንጀት ውስጥ፣ አካል የሌለው አውሬ ይኖራል። ሥጋ የለው፣ ጥፍር የለው፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሹ ያገኘውን ነፍስ ያለው ፍጡር ያፍናል፤ እሳት ባገኘ ጊዜ ደግሞ ራሱ እሳት ይሆናል። ስሙ እፎይ ይባላል። ስለዚህ በአውራዝ መንግሥት ደክሞት የተቀመጠ ሰው «እፎይ» አይልም፤ አውሬውን መጥራት ነውና። ከተማይቱን የመሠረቱት አባቶች በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ እንዲህ ብለው ቀርጸው ነበር፤ «ጉሮሮው በከበረ ድንጋይ ይዘጋል። ድንጋዩ በጠፋ ቀን ትንፋሹ ከተማይቱን ይበላታል።»

የከበረው ድንጋይ ፍም የተባለው ቀይ ዕንቍ ነበር። ከጭቃው በላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ኖሯል። በዚያ ረፋድ ሰንሰለቱ ባዶውን ይወዛወዝ ነበር። ከሥሩ ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ይንተከተካል።

የአጥሩን ቁልፍ የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሊቀ ጉሮሮ ዋሴ። በንግሥት ማርሸት ችሎት ቆመው ዕንቍው የት እንደ ገባ ሲጠየቁ ዝም አሉ። ዝምታቸው በከተማው ውስጥ ብዙ ምላስ አወጣ። አንዱ ለባዕድ ነጋዴ ሲሰጡት አየሁ አለ፤ ሌላው በቀሚሳቸው ሸሽገው ሲወጡ አየሁ አለ፤ ሁለቱ ምስክሮች ደግሞ እርስ በርስ ተጠራጥረው «አንተስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» እየተባባሉ ተካሰሱ። ንግሥቲቱ ፈረዱ። ጨረቃ ሞልታ መጉደል ሳትጀምር ፍም ካልተመለሰ ሊቀ ጉሮሮ ዋሴ በሕይወታቸው ወደ ጉሮሮው ይጣላሉ።

ፍርዱ ሲነበብ ከሕዝቡ መካከል አንዲት ወጣት ወጣች። ደብሪት ትባላለች፤ የሊቀ ጉሮሮው ብቸኛ ልጅ ናት። በቤተ ንባብ የተማረች ናት፤ መምህራኑ አንቀጹን ሳይጨርሱ እሷ ስለምትጨርሰው ብዙ ጊዜ ከጉባኤ ተባርራለች። አላለቀሰችም። ከዙፋኑ ሥር ቆማ ቀኝ እጇን አነሣች።

«እኔ ደብሪት ዋሴ ጉሮሮውን የሚዘጋውን ድንጋይ ፈልጌ አመጣለሁ። ሳልይዘው ብመለስ ምድር አትሸከመኝ፤ ሰማይም አይጠለለኝ።»

የቤተ ንባቡ አለቃ መምህር ልሳኑ ወደ ንግሥቲቱ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ልጅቱ ዕንቍው የት እንዳለ ታውቅ ይሆናል፣ ይዛውም ትጠፋ ይሆናል አሉ። ንግሥቲቱም ጠባቂ ሰጧት። ሻለቃ መርዕድ የሚባል ረጅም ወታደር ነው፤ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም ይባልለታል። ደብሪት እንዲህ የሚባልለትን ሰው ከሌባ አብልጣ ትጠረጥራለች።

ከመሄዷ በፊት እስር ቤት ገባች። አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ አላበዛችም።

«አባቴ፣ ወስደውታል ወይስ አልወሰዱትም?»

«አልሸጥሁትም» አሉ።

የጠየቀችው ሌላ ነው፤ የመለሱላት ሌላ። ይህንን ልብ አለች። አባቷ ቀጥለው ወደ ክብዳ ተራራ እንድትሄድ፣ በጉድጓዱ አፍ የተቀረጸውን ጽሑፍ ከተቀዳበት ከምንጩ እንድታነብ ነገሯት። መንገዱ ከተዘጋ ዘመን አልፏል፤ የምታውቀው አንጓች የምትባል የበቅሎ ነጂ ብቻ ናት። ደብሪት ስትወጣ አሰበች፤ ጥፋተኛ አባት ልጁን ከሞት ለማራቅ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አያገኝም። ይሁን እንጂ ሌላ የምትይዘው ጫፍ አልነበራትም።

አንጓችን በበቅሎዎቿ መካከል አገኟት። ጠና ያለች፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ግራ እጇ ከአንጓው የተቆረጠ ሴት ናት። ስለ እጇ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በአውራዝ ከእጅ አንጓ የተቆረጠ ሁሉ የሌባ ዱቄት ነጋዴ ነው። የሌባ ዱቄት ከክብዳ ተራራ የሚወጣ ነጭ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኝ ነው። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሆድም አይጎዳም፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ነው። በጤፍ ወይም በስንዴ ዱቄት ላይ ጥቂት የነሰነሰ ነጋዴ ቁናውን ሳይሞላ ሚዛኑን ይሞላል። ስለዚህ የዛሬይቱ ንግሥት አያት ድንጋዩን በሕግ ከለከሉ፤ የተራራውን መንገድ ዘጉ፤ የተገኘበትን ሰው እጅ አስቆረጡ።

አንጓች ሻለቃውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጌታው፣ የቀረችኝን እጅ ልትቆጥራት ነው የመጣኸው?»

መርዕድ የመጣው ለሷ እንዳልሆነ መለሰ። እሷም ሕግ ለኔ ያልመጣበት ዘመን አላስታውስም ብላ በቅሎዎቿን ጫነች።

ጉዟቸው የሦስት ሰላዮች ጉዞ ነበር። ደብሪት አንጓችን ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ አታስኬድም። መርዕድ ሁለቱንም ከፊቱ አድርጎ ይሄዳል። አንጓች ማንም የሚሰጣትን ስንቅ አትቀምስም፤ የራሷን ቂጣ ግን ለሁለቱም ታቀርባለች። እምቢ ሲሏት ትስቃለች፤ ከእኔ ዱቄት የበላ ሰው አይራብም፣ ይከብደዋል እንጂ ትላለች። በሁለተኛው ወንዝ ማዶ ደብሪት የመርዕድን ኮርጆ ፈትሻ ጥቁር የሐር ገመድ አገኘች። የንግሥቲቱ ገመድ ነው፤ እስረኛ የሚታሰርበት። ገመዱን ፊቱ ወርውራ ለማን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ሳያፍር፣ ላንቺ ነው፣ ለመሸሽ ብትሞክሪ አስሬ እንድመልስሽ ታዝዣለሁ አላት። ገመዱን አጣጥፎ መልሶ ከተተ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ከሁለቱ በአንዱ የምትጠረጥረው ነገር ምን እንደ ሆነ አወቀች።

ከተራራው በፊት የነጣቂዎች ሸንተረር አለ። ነጣቂዎች ክንፋቸው እንደ ድንኳን ሸራ የሰፋ፣ ዐይን የሌላቸው ፍጥረታት ናቸው። አያዩም፤ ከነፋሱ ጋር እየተንሸራተቱ በጥፍራቸው የነኩትን ያነሣሉ። የሚነሣ ከሆነ ይዘውት ይሄዳሉ፤ የማይነሣ ከሆነ ይተዉታል። ድሮ ድንጋይ ፈላጮቹ ጭነታቸውን ታቅፈው በሰላም ያልፉ ነበር። ሦስቱ ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ራሳቸውን ከበቅሎዎቹ ጋር አሰሩና ተጎንብሰው ገቡ። ከሸንተረሩ መካከል ላይ ጥላ አለፈባቸው፤ የአንጓች ጠፍር ተበጠሰ፤ እግሯ ከመሬት ተነሣ። መርዕድ ዘሎ በአንድ እጇ ያዛት። ነጣቂው ወደ ላይ፣ ወታደሩ ወደ ታች ጎተቱ፤ በመጨረሻ ነጣቂው ነጠላዋን ይዞ ሄደ።

አንጓች መሬት ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ሆን ብላ፣ ሁለቱንም እያየች፣ «እፎይ» አለች። ደብሪት ደነገጠች። አንጓች ግን ስም መጥራት አውሬ ቢያመጣ ኖሮ እጄን ያስቆረጡት ዳኞች እስካሁን በተበሉ ነበር፤ ስንቴ ጠርቼባቸዋለሁ ብላ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

ክብዳ ተራራ የሞተ ከተማ ነው። ወፍጮዎቹ ፈርሰዋል፤ ግድግዳዎቹ ግን እንደ ትናንት ቀለም ነጭ ናቸው። ፈላጮቹ ዱቄቱን በዘይት ለውሰው ይቀቡት ነበር፤ ፀሐይም ዝናብም አላደበዘዘውም። ደብሪት ከወደቀ ካብ ላይ ጡጫ የሚያህል ነጭ ድንጋይ አነሣች፤ ክንዷ ከጠበቀችው በላይ ወረደ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍር ሳይሆን በቢላ የሚጫር ለስላሳ ድንጋይ ነው። ለመጠኑ የማይገባ ክብደት ነበረው። ማንም ለቀለበት አይፈልገውም።

ከወፍጮዎቹ በላይ፣ በገደሉ ላይ፣ ጽሑፉ ነበር። ፊደሎቹ ከጽምዳው ፊደል የቀደሙ ናቸው። ደብሪት እንደ ልማዷ መጨረሻውን አስቀድማ በቃሏ እየደገመች ዐይኗን በችኮላ አሳለፈችበት። ከዚያ ቆመች። ተመለሰች። በጣቷ እየተከተለች እንደ ጀማሪ ተማሪ አንድ በአንድ አነበበችው።

«ጉሮሮው በከበደ ድንጋይ ይዘጋል።»

በከበረ አይደለም። በከበደ ነው። አንዲት ፊደል። የጽምዳው ቀራጭ ተሳስቶ ይሁን፣ ወይስ ዕንቍውን ሊያስመልክ የፈለገ ንጉሥ አዝዞት፣ ማንም አያውቅም። ደብሪት ግን ቀሪውን አያያዘችው። ትውልድ በትውልድ ላይ ዕንቍውን ሲጠብቅ፣ በየዓመቱ የዱቄት በዓል ቤተ መንግሥቱ ወደ ጉሮሮው የሚያፈሰው ነጭ ኖራ ነበር። ከባዱ ዱቄት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፣ ነጭ እስከ ሆነ ድረስ ኖራም ያው ነው ተብሎ።

አንጓች ነገሩ ሲገባት እስክታነባ ሳቀች። «መንግሥት ሙሉ በአንዲት ፊደል ሲታለል ይኖራል» አለች፤ «እኔ በአንዲት ቁና ዱቄት እጄን አጣሁ።»

መርዕድ አልሳቀም። ሁለቱ ሴቶች ተማክረው ፊደሏን አሁን እንዳልቀረጿት በምን ያውቃል? ቢላውን አውጥቶ የፊደሏን ሥር ቆፈረ። የድንጋይ ሽበት ከነሥሩ ተጣብቆባት ነበር፤ ሰው በትናንት ፊደል ላይ የዘመናት ሽበት አያበቅልም። ቢሆንም ጽሑፍ ጽሑፍ ነው አለ፤ አንድ ጊዜ የዋሸ ድንጋይ ሁለተኛም ይዋሻል።

ማስረጃውን ያገኙት ከወፍጮው ጀርባ ነው። እዚያ ከመሬት የምታፏጭ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ በአፏ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ይንቀለቀላል። የእፎይ ጣት ናት ልትሉ ትችላላችሁ። ደብሪት ከፈረሰ ግድግዳ ድንጋዮች መገናኛ ኖራ ፍቃ፣ በውሃ በጥብጣ አፈሰሰችባት። ቀዳዳዋ ጭቃውን ፊቷ ላይ ተፋችባት። ድፍን ከባድ ድንጋይ ጣሉባት፤ ሰመጠ፣ ትንፋሹም በጎኑ ሾልኮ ወጣ። በመጨረሻ አንጓች ድንጋዩን በወፍጮ ልም አድርጋ ፈጨችው። በውሃ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ከራሱ ከውሃው የከበደ ውሃ ሆነ። ሲያፈሱት ነበልባሉ አንድ ጊዜ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ፤ ፉጨቱ ወፈረ፣ አነሰ፣ ጠፋ። መርዕድ ተንበርክኮ ጆሮውን መሬት ላይ አደረገ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየ። ከዚያ ጦሩን አስቀምጦ ወፍጮው ላይ ቆመ፤ ሦስቱም ይፈጩ ጀመር።

እየፈጩ ሳለ አንጓች እጇ ስለተቆረጠችበት ቀን አጫወተቻቸው። የወሬዋ ዓላማ ቀልድ ነበር። ሥርዓቱ ሁልጊዜ ዱቄቱ ፊት፣ እጁ ኋላ ነው አለች፤ በመጀመሪያ ጆንያዋን ወደ ጉሮሮው አራገፉት፣ ቀጥሎ እጇን ጣሉት፣ ስለዚህ እጇ ከዱቄቷ ጋር በክብር ተቀበረች። የደብሪት እጅ ወፍጮው ላይ ቆመ።

«የሁሉንም ሌቦች ዱቄት እዚያ ይጥሉት ነበር?»

«የሁላችንንም። ሌላ የት ይጥሉታል?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ማን ያታልላል? ሰው እጁን ይወዳል። ከኔ ወዲህ የተያዘም የለ።»

ደብሪት ነገሩን ለራሷ እንደምትነግር ቀስ ብላ ተናገረችው። ጉሮሮውን ዘግቶ የኖረው ዕንቍው አይደለም፤ ኖራውም አይደለም። ከየሌባው እየተነጠቀ የተጣለው ዱቄት ነው። ከተማይቱ ሐቀኛ በሆነች መጠን ጭቃው እየቀለለ ሄደ። አንጓች አፏን በቀረችው እጇ ያዘች፤ ይህኛው እንኳ አላሳቃትም።

በመልሱ ጉዞ ነጣቂዎቹ ዳሰሷቸው፤ ከባድ ሆነው አገኟቸውና ተዉአቸው።

ጽምዳ ስትታይ ጭስ ነበረባት። በጉሮሮው አጠገብ ያሉት ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷታል። ንግሥቲቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ከከተማው በር አጠገብ ድንኳን ጥለው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ዘበኞቹ የሚገባውን ነጭ ዱቄት ሁሉ በውሃ ገበታ ላይ ይጥሉ ነበር። የሚንሳፈፈው ያልፋል፤ ወዲያው የሚሰምጠው የሌባ ዱቄት ነው። የአንጓች በቅሎዎች የጫኑት ሁሉ ሰመጠ።

ደብሪት በንግሥቲቱ ፊት ቆማ እውነቱን ነገረቻቸው። ስለ ፊደሏ፣ ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ሌቦቹ ዱቄት፤ አንዳች አላስቀረችም። መምህር ልሳኑ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ የተናገሩት ጥቂት ነበር። ዕንቍ ልታመጣ የማለች ልጅ ድንጋይ ይዛ መጣች፤ ከሌባ ጋር ሄደች፣ ከሌባ ጋር ተመለሰች፤ አሁን ደግሞ አባቷን ለማዳን የአባቶችን ቃል በፊደል ትለውጣለች። እውነት ያስመሰለችው ለማን እንደሚጠቅም ተመልከቱ አሉ።

ንግሥት ማርሸት የደከማቸው ሴት ነበሩ። «ልጄ» አሉ፣ «ብታሳምኚኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን አባትሽን የሚያድን እውነት ሁሉ በእኔ ዘንድ ግማሽ እውነት ነው። ዳኞች ይመርምሩት፤ ጆንያዎቹም እስከዚያ ታሽገው ይቀመጡ።»

ከአደባባዩ በኩል ምድር አጉረመረመች። የዳኞች ምርመራ ቢፈጥን ሳምንት ነው። ደብሪት ከድንኳኑ ወጥታ ግንቡን በጡጫዋ መታች። አንጓች በክርኗ ጎሸመቻት።

«እውነቱን ተናገርሽ። ምን አተረፍሽ?»

«እትዬ አንጓች፣ አሁን አትቀልጂብኝ።»

«እየቀለድሁ አይደለም። እዚህ አገር እውነት ምስክር ይፈልጋል፤ ውሸት ግን፣ በተለይ በእኔ ላይ ከሆነ፣ ወዲያው ይታመናል። ሕጉን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ዳኛ ይቀርባል። ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ግን ዳኛ የለውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጉሮሮው ነው። ዱቄቱ ፊት፣ ሌባው ኋላ።»

ደብሪት ገባት፤ አንጓች ከተወነጀለች ጆንያዎቹ ዳኛ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ጉሮሮው ይራገፋሉ። ሲገባትም መጀመሪያ የመጣባት ሐዘን አልነበረም፤ ጥርጣሬ ነበር። ይህች ሴት በግርግሩ መካከል ልታመልጥ አስባለች አለች በልቧ። በአፏ ግን፣ ሁሉንም ያሰብሁት እኔ ነኝ፣ ዱቄቱም የኔ ነው ልበል አለች።

«አንቺማ ዳኛ ይቀርብልሻል፤ መልካም ስም አለሽ» አለች አንጓች። ወደ መርዕድ ዞረች። «የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ይማልልኝ።»

መርዕድ የአንጓችን እጅ አየ። በሸንተረሩ ላይ የያዛትን እጅ አሁን እንዲለቅ እየተጠየቀ ነበር። ከዚያ ወደ ዘበኞቹ አለቃ ሄደ። ጆንያዎቹ የአንጓች መሆናቸውን፣ ዱቄቱን ለገበያ እንዳመጣችው፣ ልጅቱንም እንዳታለለቻት በንግሥቲቱ ዘውድ ማለ። የዘበኞቹ አለቃ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀውም። መምህር ልሳኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመጀመሪያው አውቄው ነበር አሉ።

አደባባዩ እንደ ምድጃ ይነድድ ነበር። ጭቃው በመሃል ተነፍቶ ጉልላት ሠርቷል፤ በስንጥቁ ነበልባል ይወጣል። ሊቀ ጉሮሮ ዋሴ በነሐሱ አጥር ላይ ታስረው ጨረቃዋን ይጠብቁ ነበር። ዘበኞቹ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጆንያዎቹን ያራግፉ ጀመር፤ ደብሪት ከበሩ ሳይነሡ በውሃ አርሳቸው ስለነበር ዱቄቱ እንደ ወፍራም ወተት ይወርዳል። ጉልላቱ ትንሽ ዝቅ አለ። እንደገና ሲያራግፉ እንደገና ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ።

ዘበኞቹ እንዲህ ያለ እሳት አይተው አያውቁም። አንዱ አውሬው ወጣ ብሎ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንጓችን በወገቡ ያሰራት ዘበኛ ገመዱን በጎራዴው በጥሶ ጠፋ። በአደባባዩ ላይ የቀሩት ደብሪት፣ መርዕድ፣ በአጥሩ ላይ የታሰሩት አባትና ያልተራገፉት ጆንያዎች ነበሩ። አንጓችም ከነበረችበት አልተነሣችም ነበር። ወደ ከተማው በር የሚወስደው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል። ደብሪት መንገዱን አየችው፤ አንጓችም ስታየው አየቻት። አሁን ትሄዳለች አለች በልቧ። ብትሄድም አልፈርድባትም ብላ ጆንያ ተሸከመች።

ከመርዕድ ጋር እየተፈራረቁ አፈሰሱ። የደብሪት ቅንድብ ተቃጠለ፤ የመርዕድ እጅ ቆዳው ተገሸለጠ። ለመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ግን ከአጥሩ ዳር መድረስ አልተቻለም፤ ድንጋዩ ራሱ ይፋጅ ነበር። የቀረው ዱቄት በትኩሳቱ ስለደረቀ ከሩቅ ቢወረውሩት በነፋስ ይበተናል። በዚህን ጊዜ አንድ እጅ ከደብሪት ትከሻ ላይ ጆንያውን አነሣው።

«ልቀቂ» አለች አንጓች፤ «ዱቄት ማራገፍ ሙያ ነው፤ እናንተ ትበትኑታላችሁ።»

ጆንያውን በተቆረጠው ክንዷ አቅፋ፣ ሁለተኛውን በእጇ እየጎተተች አለፈች። ደብሪት ልትከተላት ሮጠች። መርዕድ በወገቧ ያዛት፤ የሐሩን ገመድ እንኳ አላስፈለገውም። አንጓች ከዳሩ ደርሳ አንዱን በጥንቃቄ፣ ገበያ ላይ እንደምትሰፍር ሁሉ፣ አፈሰሰችው። ሁለተኛውን ስታነሣ ዳሩ ከሥሯ ተናደ። አልጮኸችም፤ ወይም ጮኻ ከሆነ ከጉሮሮው ድምፅ አልተለየም። አረንጓዴው ነበልባል አንድ ጊዜ ከግንቦቹ በላይ ተነሣ። ከዚያ ጭቃው ከበደ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ተዘረጋ፤ ዝም አለ። ደብሪት ከርቀት የሕፃን ልቅሶ ሰማች፤ ከብዙ ቀን በኋላ ሌላ ድምፅ መስማት ተቻለ ማለት ነው።

አባቷን ከአጥሩ ስትፈታቸው ያኔ ተናገሩ። ፍምን ማንም አልሰረቀውም ነበር። ጭቃው ሲቀልል አይተው፣ ትንቢቱን አምነው፣ ራሳቸው ወደ ጉሮሮው ጥለውታል። ሰመጠ፤ ምንም አልሆነም። ያን ጊዜ ቃሉ ልክ እንዳልሆነ አወቁ። ዕንቍው ከንቱ መሆኑን ቢናገሩ ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ ይተራመሳል፤ ከዚያ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብለው ዝም አሉ።

«አንድ ሰውማ ሞተ» አለች ደብሪት። «ዝም ያሉት እርስዎ፣ የሞተችው እሷ። ነገ በችሎት ይህንኑ ይደግሙታል፤ እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።»

ተናገሩ። ንግሥቲቱ ሰሙ፤ ግማሹን አመኑ። ሊቀ ጉሮሮውን በምሕረት ለቀው ሹመቱን ለልጃቸው ሰጡ፤ የተራራውንም መንገድ አስከፈቱ። መርዕድ በሐሰት መማሉን ራሱ ለንግሥቲቱ ነግሮ ጎራዴውን በእግራቸው ሥር አኖረ፤ ከዚያም ወደ ክብዳ ወጥቶ ፈጪ ሆነ። ከተማይቱ ግን የራሷን ታሪክ ይዛ ሄደች። ሌባይቱ ስትጣል እፎይ ጠገበና ተኛ አሉ። በማግስቱ ሕፃናቱ ይዘፍኑት ነበር። መምህር ልሳኑም ከአባቶች ቃል ጋር የሚስማማ አንቀጽ አገኙለት።

ስለዚህ በተከታዩ የዱቄት በዓል ሕዝቡ ወደ አደባባዩ የመጣው እጁ የታሰረ ሰው ይዞ ነበር። ዶሮ ሰርቋል የተባለ ለማኝ ነው። ደብሪት በአጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ከኋላዋ የመርዕድ ዱቄትና ያልተፈጨ የክብዳ ድንጋይ ተቆልሏል። ከፊት የመጣው ደልዳላ ሸማኔ፣ እመቤቴ መንገድ ይልቀቁልን፣ አውሬው ሌባ ይፈልጋል አላት። ሕዝቡም ከኋላው አጉተመተመ።

ስለ ፊደሏ ልትነግረው ትችል ነበር። ነግራቸዋለች፤ ደጋግማ። ጎንበስ ብላ ከቁልሉ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አነሣች፤ መጠኑ ከዳቦ አይበልጥም።

«ያዘው» አለችው።

ሸማኔው እንደ ዳቦ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ክንዱ ወረደ። ሊጥለው ሲል ያዘው፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ እንደገና አነሣው፤ ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ድንጋዩን አየ። የለማኙን ገመድ የያዘው ጓደኛው ምን ሆንክ አለው። ሸማኔው ድንጋዩን ወደ እሱ አቀረበለት።

ጓደኛው ገመዱን ለቀቀና፣ እስቲ እኔም ብሎ፣ እጁን ዘረጋ።